የበቆሎ ሽሮፑ ለምን አልጣፈጠም?

ጥያቄ፦ «በቆሎዬን በጥሬው ከምሸጥ ግሉኮስ ሽሮፕ ልሥራበት ብዬ ሁለት ዓይነት ኢንዛይም ገዛሁ። ዱቄቱን በውኃ በጥብጬ ሁለቱንም አንድ ላይ ጨመርኩና አፈላሁት። ቀጠነ፣ ግን አልጣፈጠም። መልኩም ቡናማ ሆነ። ኢንዛይሙ ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦ ቀጥኗል ካሉኝ አንደኛው ኢንዛይም ሥራውን ሠርቷል። የሞተው ሁለተኛው ነው። የገደሉትም እርስዎ ነዎት፤ አይቀየሙኝ።

ስታርች ማለት ብዙ ግሉኮሶች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። አልፋ አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ሰንሰለቱን ከመሃል ከመሃሉ ይቆራርጠዋል። ገንፎ የመሰለው ነገር ይቀጥናል፣ ቁርጥራጮቹ ግን ገና ረጃጅም ስለሆኑ ምላስ ላይ እምብዛም አይጣፍጡም። ግሉኮአሚሌዝ ደግሞ ከጫፍ ጀምሮ ግሉኮሱን አንድ በአንድ ይለቅማል። ጣፋጩ የሚመጣው ከሱ ነው። ሙቀት የሚችለው ዓይነት አልፋ አሚሌዝ 95 ዲግሪ ላይ ይሠራል። ግሉኮአሚሌዝ የሚስማማው ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሲፈላማ አለቀለት።

ስለዚህ በየተራ ያስገቧቸው። 30 ኪሎ ደረቅ ስታርች በ70 ሊትር ውኃ ይበጥብጡ። ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ይኮመጥጣል) ወደ 6 ይሁን። አልፋ አሚሌዙን ጨምረው እያማሰሉ ወደ 90 – 95 ዲግሪ ያድርሱትና ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት እዚያው ያቆዩት። መጠኑን ከዕቃው ላይ ያንብቡ፤ ሙቀቱንም ጭምር፣ ምክንያቱም ይህን ያህል የማይችል አልፋ አሚሌዝም አለ። ከዚያ ጥቂት ጠብታ አቀዝቅዘው አዮዲን ጠብ ያድርጉበት። ሰማያዊ ከሆነ ገና ነው። ወደ ቀይ ቡናማ ሲሄድ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

አሁን ወደ 60 ዲግሪ ያቀዝቅዙት። በሲትሪክ አሲድ ፒኤቹን ወደ 4.5 ያውርዱና ግሉኮአሚሌዙን ይጨምሩ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ነው፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል። ሙቀቱ ከወረደ ይኮመጥጥብዎታል። ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ ቢሉም አይጠቅምም። ግሉኮሱ መልሶ እርስ በርሱ መያያዝ ይጀምራልና።

ቡናማነቱ ሌላ ጣጣ ነው። እርስዎ የተጠቀሙት ዱቄት እንጂ ስታርች አይደለም። ከደረቅ በቆሎ ስታርቹ 70 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ፕሮቲን፣ ዘይት፣ ገለባ ነው። ፕሮቲንና ስኳር እሳት ላይ ሲገናኙ ይጠቁራሉ። ፋብሪካዎች በቆሎውን 50 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውኃ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይዘፈዝፉታል። ውኃው ውስጥ ጥቂት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አለ፤ ስታርቹን የያዘውን ፕሮቲን የሚያላላው እሱ ነው። ከዚያ ሸርከት ብቻ ያደርጉታል፣ ፅንሱ (ከፍሬው ውስጥ የሚበቅለው ክፍል) እንዳይደቅ። ፅንሱ ዘይት ስላለው ይንሳፈፋል፤ ያነሱታል። የቀረውን አልመው ፈጭተው ገለባውን በወንፊት ያስቀራሉ። ስታርቹ ከፕሮቲኑ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቢጫው ፕሮቲን ከላይ ይቀራል። በቤት ይህን ሁሉ ንጹሕ አድርጎ መሥራት ከባድ ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ሙከራ በተገዛ ስታርች እሠራ ነበር። ኢንዛይሙን ይልመዱት፣ ከበቆሎው ጋር በኋላ ይታገሉ።

ኢንዛይም ያጣ ሰው የገብስ ብቅል ይሞክር። 65 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። የሚያገኘው ስኳር ግን በአብዛኛው ማልቶስ ነው።

ሲያልቅ አጥልለው በገባሪ ከሰል ያሳልፉት፣ ቀለሙን ይቀንስለታል። ከዚያ በቀስታ እያተነኑ ያወፍሩት። ሲቀዘቅዝ ቢረጋብዎት አይደንግጡ፤ ግሉኮስ የበዛበት ሽሮፕ ጠባዩ ነው። አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገርዎ። በስሌት ከ100 ኪሎ ስታርች 111 ኪሎ ግሉኮስ ይወጣል። ሰንሰለቱ በተቆረጠ ቁጥር ውኃ አብሮ ስለሚገባ ነው።

የሻገተ በቆሎ ግን «ሽሮፕ ይሆናል» ብለው እንዳያስገቡ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በቆሎው ሲዘፈዘፍና ሲጣራ በአብዛኛው ወደ መዘፍዘፊያው ውኃና ወደ ተረፈ ምርቱ ይሄዳል። ያን ተረፈ ምርት ላምዎ ከበላች መርዙ በወተቷ ይወጣል።