መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ ባጠብቀው ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። ሞተር ሳይክሌን ሰርቪስ የማደርገው እቤት ራሴ ነኝ። የኛ መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ ብሎኖች እየላሉ ያስቸግሩኛል፤ ስለዚህ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ ነው የማጠብቃቸው። ባለፈው ዘይት ቀይሬ የታችኛውን ብሎን ሳጠብቅ ድንገት ቀለል አለኝና ዝም ብሎ ይዞር ጀመር። አሁን ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ዘይት አገኛለሁ። እንደገና ባጠብቀው ጭራሽ ባሰበት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እጅህን ከብሎኑ ላይ አንሳ። ያ ቀለል ያለህ ጊዜ ጥርሱ የተበላበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያጠበቅከው ሁሉ የቀረውን ጥርስ ነው የጨረሰው። ብሎኑ ብረት ነው፣ የሚገባበት የሞተሩ ሆድ ግን አሉሚኒየም ስለሆነ ሁሌም የሚሸነፈው እሱ ነው። ዘይቱን ንጹህ ዕቃ ላይ ገልብጥና ብሎኑን እየው። ጥርሱ መሀል የሚያብረቀርቅ ነጭ ቁራጭ ተጠምጥሞበት ከሆነ የሞተሩ ጥርስ ተልጦ ወጥቷል።

እንዲህ እያንጠባጠበ እስከ ጣርማበር ልንዳው እንዳትል፣ አደራ። ዘይቱ ካለቀ ሞተሩ ይነክሳል፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ቀጥ ይላል፤ የኋላ ጎማ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ኩርባ ላይ ይጥልሃል። ጭነህ ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት ውሰደው። ቀዳዳውን አስፍተው አዲስ ጥርስ ያወጡና ሄሊኮይል የሚባለውን የሽቦ ጥርስ ያስገቡበታል፤ በደንብ ከተሠራ ከድሮው አያንስም። የአሉሚኒየም ብናኝ ውስጥ እንዳይቀር ግን አደራ በላቸው። በማጣበቂያ ወይም በቧንቧ ፕላስተር መድፈን መፍትሔ አይደለም።

አሁን ወደ ቧንቧው እንምጣ፣ ዋናው ጥፋት እሱ ነውና። የማጥበቂያ ኃይል የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። የዘይት ማፍሰሻ ብሎን እንደየሞተሩ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ይበቃዋል። 25 ብንል፣ 20 ሳንቲሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 13 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። በቃ። ቧንቧ ሰክተህ 60 ሳንቲሜትር ስታደርሰው ያው ክንድህ ሦስት እጥፍ ያጠብቃል፣ አንተ ግን ያው የጫንከው ይመስልሃል። 10 ቁጥር መፍቻ የሚይዛቸው ትንንሾቹ ብሎኖችማ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ናቸው፤ እነሱን አጭር መፍቻ ይዘህ በእጅ አንጓህ ብቻ አጥብቃቸው። ቶርክ ሬንች የሚባለውን የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ ከጓደኞችህ ጋር አዋጥታችሁ ብትገዙ እንዴት ደስ ባለኝ! ትክክለኛው ቁጥር የሞተርህ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ።

ዘይት እንዳይወጣ የሚያደርገው ጉልበት ሳይሆን የብሎኑ ሮንዴላ ነው። ዘይት በቀየርክ ቁጥር እሷን ቀይራት፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው። ማንኛውንም ብሎን መጀመሪያ በጣት አስገባው። በጣት እምቢ ካለ ጠሞ ገብቷልና መልሰህ አውጣው። ካንዴላም እንደዚያው፤ አዲስ ከሆነና ሮንዴላ ካለው በጣት እስኪደርስ አዙረህ ከዚያ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ካንዴላ አትፍታ። እኔ ቸኩዬ ፈትቼ ጥርሱን አበላሽቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለ ኮረኮንቹ ያልከው እውነት ነው፣ ንዝረት ብሎን ያላላል። ለዚያ ግን የሚላላ ብሎን ላይ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አድርግ፤ ለዘይት ማፍሰሻው ግን አያስፈልግም። ሌላው፣ አጥብቀህ ስትጨርስ ከብሎኑ ራስ እስከ ሞተሩ አካል በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አስምር። መስመሩ ካልተሰበረ ብሎኑ አልተነቃነቀም፣ አትንካው። የጎማ አክሰል ዳዶ ግን ከነዚህ ጋር እንዳታምታታው፤ እሱ በጣም ጠብቆ መታሰር አለበት፣ መቆለፊያ ሽቦ ካለው ደግሞ ሽቦው ሳይገባ ከግቢ እንዳትወጣ።