ሆን ብለህ ሳት፦ ለአዳኞች የካርታና የኮምፓስ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በጥቅምት መጨረሻ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ለኤልክ (ለትልቁ የአሜሪካ አጋዘን) አደን ልወጣ ነው። ፈቃዱን አውጥቻለሁ፣ የአዳኞች ትምህርቱንም ጨርሻለሁ። የምንሄደው ኋይት ሪቨር ናሽናል ፎረስት ነው። ሁሉም ስልካቸው ላይ የአደን አፕ ጭነዋል። አንዱ ሽማግሌ ግን «ካርታና ኮምፓስ የሌለው ከኔ ጋር አይወጣም» ብሎ ድርቅ አለ። ገዛኋቸው። ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ ሽማግሌው ይባረክ። ስልክህን ጥለህ ሂድ አልልህም፣ እኔም ይዤ ነው የምወጣው። ግን በዚያ ወቅት ተራራው ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ብርድ ደግሞ ባትሪ ይበላል። ካርታውን ቤትህ ሆነህ ካላወረድክ ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ ውስጥ አፑ ምንም አያሳይህም።

አዳኝ የሚጠፋው እንደ ተራ ተጓዥ አይደለም። ተጓዥ የእግር መንገዱን ይዞ ይሄዳል። አዳኝ ከመንገድ የሚወጣው ፈልጎ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ ላይ መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ስለዚህ በጨለማ ትገባለህ፣ በጨለማ ትወጣለህ። በመሀል ዓይንህ መሬት ላይ ነው። ደም እየተከተልክ ሁለት ሸንተረር ትሻገርና ቀና ስትል ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ታገኘዋለህ።

መጀመሪያ ካርታውን። የአሜሪካ መንግሥት ካርታ አውጪ የጂኦሎጂካል ሰርቬይ 1:24,000 ካርታ ከሆነ አንድ ኢንች 2,000 ጫማ ነው። በተራራማው አካባቢ በሁለት የከፍታ መስመሮች መሀል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ 40 ጫማ ነው፤ ለማንኛውም ግርጌው ላይ ተጽፏል። መስመሮቹ ሲጠጋጉ አቀበቱ ይበረታል። ጫፋቸው ወደ ከፍታው እየጠቆመ ከታጠፉ ሸለቆ ነው፣ ወደ ዝቅታው ከጠቆመ ሸንተረር። ማታ ማታ ቡናህን ይዘህ ቁጭ በልና ካምፓችሁ አካባቢ ያለውን ሸንተረር ሁሉ በጣትህ ሂድበት። የግል መሬት ወሰኑንም በደማቅ እስክሪብቶ አስምርበት። በኮሎራዶ ባለመሬቱ አጥር የማጠርም ምልክት የመትከልም ግዴታ የለበትም። ፈቃድ የመጠየቅ ግዴታ ያለብህ አንተ ነህ።

ሁለተኛ ሰሜን። ኮምፓስ የሚያሳይህ የማግኔቱን ሰሜን ነው፣ ካርታህ የተሠራው በእውነተኛው ሰሜን ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ልዩነቱ አሁን ወደ 8 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። 8 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ አንድ ማይል ስትሄድ ግን ከ700 ጫማ በላይ ያስትሃል። ደግሞ ይህ ቁጥር ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ1980ዎቹ የታተመ ካርታ ብትገዛ ግርጌው ላይ ከ10 በላይ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ እሱን እንዳትወስድ። የዘንድሮውን ፈልግ። ኮምፓስህ የዚህ ልዩነት ማስተካከያ ካለው ቁጥሩን አንዴ ሙላውና እርሳው። ከሌለው መልሰውና ማስተካከያ ያለውን ግዛ። በብርድ፣ ደክሞህ፣ ስምንት ልደምር ነው ልቀንስ እያልክ እንድትጨነቅ አልፈልግም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ኮምፓሱን ካርታው ላይ አስተኛውና ጠርዙ ካለህበት ወደምትሄድበት እንዲያገናኝ አድርግ። ውስጡ ያሉት መስመሮች ከካርታው የሰሜን መስመር ጋር ትይዩ እስኪሆኑ ቀለበቱን አዙር። አሁን አንሣውና ደረትህ ፊት ለፊት ያዘው። ቀለበቱን ሳትነካ፣ ቀዩ የመርፌ ጫፍ ከሥሩ የተሳለው ቀስት ላይ እስኪተኛ ድረስ አንተ ራስህ ዙር። ፊትህ ያለው ያ ነው መንገድህ። ኮምፓስ ላይ አፍጥጠህ አትራመድ፣ ትወድቃለህ። በአቅጣጫው ላይ አንድ የደረቀ ግንድ ምረጥ፣ እሱ ጋ ድረስ፣ ቀጥሎ ሌላ ምረጥ።

ይህን ስታደርግ ጠመንጃው ጥይቱ ወጥቶ እርምጃ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ስልክህም ከደረት ኪስህ ይውጣ። የቢኖኩላር መያዣህንም ፈትሽ፤ ብዙዎቹ ክዳናቸው በማግኔት ነው የሚዘጋው። ደረትህ ላይ ማግኔት አንጠልጥለህ «ኮምፓሱ ዋሸኝ» የምትለው ያኔ ነው።

አሁን ወደምወዳት ዘዴ ልምጣ። መኪናችሁ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄድ የጫካ መንገድ ዳር ቆሟል እንበል። አንተ ወደ ምዕራብ ሁለት ማይል ገብተሃል። ስትመለስ 90 ዲግሪ (ቀጥታ ምሥራቅ) ይዘህ በቀጥታ ወደ መኪናው ማነጣጠር ያምርሃል። አታድርገው። ማንም ሰው በጨለማ በወደቀ ዛፍ መሀል ሲሄድ ሦስት ዲግሪ መሳቱ አይቀርም። በሁለት ማይል ያ 550 ጫማ ገደማ ነው። መንገዱ ላይ ትወጣለህ፣ መኪናው የለም። ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ገምቶ ይታጠፋል፣ አንድ ማይል ይሄዳል፣ ይጠራጠራል፣ ተመልሶ ጫካ ይገባል።

ስለዚህ ሆን ብለህ ሳት። 90 ሳይሆን 100 ዲግሪ ያዝ። ከመኪናው በስተደቡብ ሲሶ ማይል ገደማ ርቀህ መንገዱ ላይ ትወጣለህ። ያኔ ጥያቄ የለም፤ ወደ ግራ ታጥፈህ መሄድ ብቻ። የምታነጣጥረው ወደ ረጅም ነገር ይሁን፤ መንገድ፣ ወንዝ፣ የኤሌክትሪክ መስመር።

ሌላም አለ። ሸለቆ ተሻግረህ ከተኮስክ ከቦታህ ንቅንቅ አትበል። መጀመሪያ የቆምክበት ዛፍ ላይ ደማቅ ሪባን እሰር። እንስሳው የቆመበትን አቅጣጫ በኮምፓስ ለካና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍ። ወርደህ ማዶ ስትወጣ ያ «አልረሳውም» ያልከው ቁጥቋጦ ከሌላው አይለይም። ዞር ብለህ ሪባንህን እያየህ የኋላውን አቅጣጫ ስትለካ ግን መስመሩ ላይ መሆንህን ታውቃለህ። የኋላውን ለማግኘት የጻፍከው ቁጥር ከ180 በታች ከሆነ 180 ደምር፣ በላይ ከሆነ ቀንስ።

በነገራችን ላይ አደኑ ጽጌ ጾም ላይ ይወድቃል። የምትጾም ከሆነ ፍሪዘርህን አዘጋጅ። ሥጋው ይበላል አይበላም የሚለውን ግን የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ እኔ ቀያሽ ነኝ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በየዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ምሥራቅ ዋሽንግተን ለአጋዘን አደን ይሄዳል። ስልክ አይሠራም። በዘገየ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ነው። መቼ ነው መደወል ያለብኝ? (ከሲያትል)

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን አንቺ ሳትሆኚ እሱ ነው ከመውጣቱ በፊት መመለስ ያለበት። የካርታውን ኮፒ ፍሪጅ ላይ ለጥፎልሽ ይሂድ። መኪናው የሚቆምበት ቦታ፣ ታርጋው፣ የሚያድኑበት ሸለቆ፣ አብረውት ያሉት ሰዎች ስልክ ይጻፍበት። በሁለት የቀጠሮ ሰዓቶች ተስማሙ፤ አንዱ እደውላለሁ የሚልበት፣ ሌላው አንቺ 911 የምትደውይበት። ሁለተኛው ሰዓት ሲሞላ «ትንሽ ልጠብቅ» አትበይ። በዋሽንግተን ፍለጋውን የሚመራው የካውንቲው ሸሪፍ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁሽም ያ ካርታ ላይ ያለውን ነው። ስልኩ አይፎን 14 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ከሆነ ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት የድረሱልኝ መልእክት መላክ ይችላል፤ አጠቃቀሙን ቤት ይለማመድ። እሱ ራሱ መንገድ ከጠፋበት ደግሞ ባለበት ይቀመጥ። የሚንቀሳቀስ ሰው ለፈላጊ አይመችም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎባ ነው። ለደጋ አጋዘን የሚመጡ የውጭ አዳኞችን እመራለሁ። ወንድሜ ከአሜሪካ ጥሩ ኮምፓስ ላከልኝ፤ መርፌው ግን በአንድ ጎኑ ተዘንብሎ ይጎተታል። ጂፒኤሱም የሚሰጠኝ ቁጥር ከ1:50,000 ካርታዬ ጋር አይገጥምም። የቱ ነው የተበላሸው? (ከባሌ)

መልስ፦ ምንም አልተበላሸም። ሰሜን አሜሪካ ላይ የመሬት ማግኔት የመርፌውን ሰሜናዊ ጫፍ ወደ መሬት ውስጥ ይስበዋል። ፋብሪካው መርፌው አግድም እንዲተኛ ብሎ ደቡቡን ጫፍ ያከብደዋል። የማግኔቱ ወገብ የሚያልፈው ግን በእኛው አገር ላይ ነው፤ ሳቢ ስለሌለ የከበደው ጫፍ ይወርዳል። ለጊዜው መርፌው በነፃነት እስኪዞር ድረስ ኮምፓሱን ትንሽ አዘንብለህ ያዝ። ወንድምህን ደግሞ በየትኛውም አገር የሚሠራ «ግሎባል» መርፌ ያለውን ጠይቀው። የሰሜኑ ልዩነት እናንተ ጋ ወደ 3 ዲግሪ ምሥራቅ ብቻ ነው፣ ወንድምህ ማስተካከያውን በአሜሪካ ቁጥር ሞልቶት እንዳይሆን እይ።

የካርታው ነገር ሌላ ነው። የእኛ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ (ዳተም) ነው። ጂፒኤስ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ላይ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል። በአስታው መሀል ጉም ሲወርድ ይህ የገደሉ ወዲህና ወዲያ ማለት ነው። ጂፒኤሱ ማስተካከያ ውስጥ ግባና ዳተሙን አዲንዳን አድርገው፣ የኢትዮጵያ የሚል ካለ እሱን ምረጥ። የቁጥሩ አቀማመጥ ዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጸው)፣ ዞን 37 ሰሜን ይሁን። ከዚያ ካርታው ላይ በግልጽ የሚታይ ድልድይ ላይ ቆመህ ቁጥሩን አመሳክር። ካርታው ላይ ሁለት ሳንቲሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ካለፈ ቅንብሩን እንደገና እይ።