ወርዋሪው ለምን ተቀየረ? የቤዝቦል ደጋፊዎች ጥያቄና የአንድ ሽማግሌ ደጋፊ መልስ

በዋሽንግተን አካባቢ ኖሮ የናሽናልስ (የከተማዋ ቤዝቦል ቡድን) ደጋፊ የሆነ ሐበሻ በአሰልጣኝ ላይ መናደድን ከእግር ኳስ ይዞት መጥቷል፤ ቤዝቦል የጨመረለት የቁጥር ክምር ነው። ያቃጠላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁኝ። ዓመታቱና ቀናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ የ2014ቱ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወርዋሪያችን ጆርዳን ዚመርማን 20 መቺዎችን በተከታታይ አስወጥቶ አንዱን በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ (የሯጭ ማረፊያ) ስላሳለፈ ብቻ እንዴት ይቀየራል? አሰልጣኙን ማት ዊልያምስን ምን ነካው? እብደት እኮ ነው!

መልስ፦ ላላዩት ልንገራቸው። ከሳንፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር የተደረገ ሁለተኛው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ነው። ናሽናልስ 1 ለ 0 ይመራል፣ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ነው፣ የሚቀረው አንድ አውት (አንድ መቺ ማስወጣት) ብቻ ነው። ዚመርማን 100 ኳስ ወርውሯል። ከሳምንት በፊት ደግሞ ማያሚን አንድም ምት ሳይሰጥ ሸኝቷል። ዊልያምስ እሱን አውጥቶ የመዝጊያውን ወርዋሪ ድሩ ስቶረንን አስገባ። የጃያንትሱ በስተር ፖዚ መታ፣ ፓብሎ ሳንዶቫል ደገመ፣ አቻ ሆንን። ጨዋታው እስከ 18ኛው ኢኒንግ ተጎተተ፣ ከስድስት ሰዓት በላይ ፈጀ፣ በመጨረሻም በብራንደን ቤልት ሆም ረን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ በሚያገባበት ምት) 2 ለ 1 ተሸነፍን።

አሁን ንዴትህን ለጊዜው ያዝልኝ። ስቶረን በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር የሰጠው ነጥብ በዘጠኝ ኢኒንግ ሲሰላ 1.12 ነበር። ፖዚ ደግሞ ዚመርማንን በዚያ ቀን ለአራተኛ ጊዜ ሊገጥመው ነው፤ መቺ ደግሞ ወርዋሪን ባየ ቁጥር ይለምደዋል። ስለዚህ «እብደት» የሚለውን ቃልህን አልቀበልም። እኔ ብሆን ዚመርማንን እተወው ነበር፤ ክንዱ ሲዝል አላየሁምና። ዊልያምስ ግን ከዓይኑ ይልቅ ልማዱን ያመነ ይመስለኛል፦ ዘጠነኛው ኢኒንግ ሲደርስ የመዝጊያው ሰው ይጠራል፣ በቃ። ጥያቄው «ያለው ደክሟል ወይ?» ብቻ አይደለም። «የሚመጣው ለዚህ መቺ፣ በዚህች ደቂቃ፣ ካለው ይሻላል ወይ?» ነው። ቀጣይዋ ጠያቂያችን ያነሣችው ጨዋታ ይህን በደንብ ያሳያል።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ እኔ የ2020ውን ወርልድ ሲሪስ (የዓመቱን የፍጻሜ ውድድር) አይቼ ስታቲስቲክስ የሚባለውን ሁሉ ጠላሁ። ብሌክ ስኔልን ያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ ጨዋታውን ገደሉት።

መልስ፦ እህቴ፣ ኮምፒውተር ሜዳ ገብቶ ወርዋሪ አይቀይርም። የቀየረው የታምፓ ቤይ አሰልጣኝ ኬቪን ካሽ ነው። በስድስተኛው ጨዋታ ስኔል ለአምስት ኢኒንግ ከሲሶ ወርውሮ ሁለት ምት ብቻ ሰጥቷል፣ ዘጠኝ ሰው በስትራይክ (መቺው ሦስት ጊዜ ሲስት ወይም ጥሩ ኳስ ሲያሳልፍ) አስወጥቷል፣ ማንንም በነጻ አላሳለፈም። የወረወረው 73 ኳስ ነው። ተራቸው የደረሰው የዶጀርሶቹ ሙኪ ቤትስ፣ ኮሪ ሲገርና ጀስቲን ተርነር በዚያ ምሽት ስድስት ጊዜ ገጥመውት ስድስቱንም ጊዜ በስትራይክ ተመልሰዋል። ታምፓ 1 ለ 0 ይመራል። ካሽ አወጣው።

የካሽ ክርክር ባዶ አልነበረም። ወርዋሪ አንድን መቺ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥም እንደሚጎዳ የብዙ ዓመት መረጃ ያሳያል፤ ስኔልም በዚያ ዓመት በአንድም ጨዋታ ስድስት ኢኒንግ አልሞላም። እስከዚህ እከተለዋለሁ። የምለየው በገባው ሰው ነው። ኒክ አንደርሰን ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ተከታታይ የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎቹ ሁሉ ነጥብ ተቆጥሮበታል! ይህም እኮ ቁጥር ነው። ካሽ ስኔልን የሚያስወጣውን ቁጥር አንብቦ አንደርሰንን የማያስገባውን አለፈው። ቤትስ ወዲያው ሁለት ቤዝ የሚያስኬድ ምት መታ፣ ሁለት ነጥብ ገባ፣ ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፎ ከ1988 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ። ጥፋቱ ቁጥርን በግማሽ ማንበብ ነው እንጂ ማንበቡ አይደለም።

ደግሞ ቁጥር ትናንት የመጣ አይምሰልሽ። በ2012 ናሽናልስን ያሰለጠነው ዴቪ ጆንሰን የሒሳብ ምሩቅ ነበር፤ በባልቲሞር ኦሪዮልስ ተጫዋች ሳለ የመቺዎችን ቅደም ተከተል በኮምፒውተር አስልቶ ለአሰልጣኙ ለኧርል ዊቨር አቅርቧል።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ባለቤቴ ወርዋሪን የሚመዝነው ባሸነፈው ጨዋታ ብዛት ነው። በየቀኑ እንጨቃጨቃለን።

መልስ፦ ጃኮብ ዲግሮምን ጥቀሺለት። በ2018 ለኒውዮርክ ሜትስ ሲወረውር በዘጠኝ ኢኒንግ ሲሰላ 1.70 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ጨረሰ፣ አስደናቂ ነው። ያሸነፈው ግን 10፣ የተሸነፈው 9 ነበር። መቺዎቹ ነጥብ ካላገቡለት ምን ያድርግ? የሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ) ሽልማቱን ግን ማንም አልነፈገውም። ባልሽ ካልተቀበለ እራት ላይ ሌላ ርዕስ አንሺ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ሌሊት እየነቃ የሚያይ)፦ ሯጭ አንደኛ ቤዝ ላይ ሲሆን ኳሱን በቀስታ ነክቶ ራስን መሠዋት ብልሃት አይደለም እንዴ? አሰልጣኞች ለምን ተዉት?

መልስ፦ ስለሚያስከፍል። ሯጭ አንደኛ ላይ ሆኖ ማንም ሳይወጣ አንድ ቡድን እስከ ኢኒንጉ መጨረሻ በአማካይ 0.86 ያህል ነጥብ ያገኛል። ሯጩ ሁለተኛ ላይ ደርሶ አንድ ሰው ሲወጣ ወደ 0.66 ይወርዳል። እንደ ዘመኑ ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው። አንዲት ነጥብ ብቻ በምታሸንፍበት መጨረሻ ላይ፣ ደካማ መቺ ተራው ከሆነ፣ ይሁን። በሁለተኛው ኢኒንግ ሲያደርጉት ግን ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኘውና ተኛ፤ ነገ ሥራ አለህ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ከሁሉም የገረመህ የአሰልጣኝ ውሳኔ?

መልስ፦ ሰኔ 9 ቀን 2022፣ ቺካጎ። የዋይት ሶክሱ አሰልጣኝ ቶኒ ላ ሩሳ የዶጀርሱን ትሬይ ተርነርን አንድ የተሳሳተ ኳስና ሁለት ስትራይክ ላይ ሳለ ሆን ብሎ በነጻ አሳለፈው። ሁለት ስትራይክ የተቆጠረበት መቺ በአማካይ ከአምስት አንዴ እንኳ አይሳካለትም! ቀጣዩ ማክስ መንሲ ነበር፤ ሦስት ነጥብ የሚያስገባ ሆም ረን ላከለት። ላ ሩሳ ከጨዋታው በኋላም ልክ ነበርኩ ብሎ ተከራክሯል። እዚህ ላይ ስታቲስቲክስን የሚወቅስ ካለ ይምጣ።

ጥያቄ (እንደገና ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ ታዲያ የኋላው አሰልጣኛችን ዴቭ ማርቲኔዝስ? በ2019 መጀመሪያ ይባረር ብለን ስንጮህ ተሳስተን ነበር?

መልስ፦ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ማን አይጮህም? ተጠባባቂ ወርዋሪዎቹ ያን ጊዜ የእሳት አደጋ ነበሩ፣ ያን ደግሞ አሰልጣኝ ብቻውን አያጠፋውም። በጥቅምት ግን ያልታመነውን ሰው ላለማስገባት ሲል ጨዋታ የሚጀምሩትን ዋና ወርዋሪዎቹን በተጠባባቂዎቹ ቦታ ሳይቀር ተጠቀመባቸው።

በሰባተኛው የፍጻሜ ጨዋታስ ምን ሆነ? የሂዩስተን አሰልጣኝ ኤ. ጄ. ሂንች 2 ለ 1 እየመራ ዛክ ግሬንኪን በ80 ኳስ አወጣው። ኮከብ ወርዋሪያቸው ጌሪት ኮል ተቀምጦ ዊል ሃሪስ ገባ። የእኛው ሃዊ ኬንድሪክ የቀኙን የድንበር ምሰሶ የነካ ሆም ረን መታበት፣ 6 ለ 2 አሸነፍን። ሃሪስ በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር በዘጠኝ ኢኒንግ የሰጠው 1.50 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ኳሷም መጥፎ አልነበረችም። ስለዚህ ሂንችን እንደ ካሽ አልወቅሰውም። አንተ ግን በዚያ ምሽት «ወርዋሪው ለምን ተቀየረ?» ብለህ ስትጮህ አልሰማሁህም።