‹እርሳቸው› ወይስ ‹እነርሱ›? በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ ስላለው ሦስተኛ ምርጫ

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚገኝ የአንድ ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ ቅጽን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። እንግሊዝኛው አባሉ በየትኛው ተውላጠ ስም መጠቀስ እንደሚፈልግ ይጠይቅና ሦስት ምርጫ ያቀርባል። ሁለቱን ‹እሱ› እና ‹እሷ› ብዬ አለፍኩ፤ ጾታ የማያሳየውን ሦስተኛውን ግን የሥራ ባልደረቦቼ ‹እነሱ› ይባል ይላሉ፤ ወጣቶችም እንዲህ ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ወደ ‹እሳቸው› አደላለሁ። የመረጃ ቋቱ የአባሉን ጾታ በማያውቅበት ጊዜስ መልእክቶቹ እንዴት ይጻፉ?

መልስ፦ ደብዳቤው የተፈረመበት ስም እንደ ደስታ፣ እንደ ጸጋ ወይም እንደ ምስጋና ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ስም ነው። ጽሑፉም በአንደኛ መደብ ስለሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጸሐፊውን ጾታ የሚገልጥ አንድ ቃል አላገኘሁበትም። እኔም ‹እርስዎ› እያልኩ እመልሳለሁ፤ በዚህም ምንም አይጎድለኝም። ‹እኔ› እና ‹እርስዎ› እስከተነጋገርን ድረስ አማርኛ ጾታችንን አይጠይቀንም። ችግሩ የሚጀምረው ስለ እርስዎ ለሌላ ሰው መናገር ሲያስፈልገኝ ነው፤ የፕሮፋይል ገጽ ደግሞ ሥራው ይኸው ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስተካክል። ቅጹ የሚጠይቀው ‹ተውላጠ ስም› ይባል እንጂ በአማርኛ የሚመረጠው ተውላጠ ስም ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ ጾታን የሚለየው በሦስተኛ መደብ ነጠላ ተውላጠ ስም ላይ ነው፤ ግሡ ከወንድም ከሴትም ጋር ያው ነው። እኛ ግን ተውላጠ ስሙን አብዛኛውን ጊዜ እንተወዋለን፤ ጾታው የሚቀመጠው በግሡ፣ በአገናዛቢው፣ በተሳቢው፣ በአመልካቹና በመስተአምሩ (በ‹ተጠቃሚው›፣ በ‹ተጠቃሚዋ› መጨረሻ ላይ ባለው ምልክት) ነው። ‹ፎቶውን ቀይሯል›፣ ‹ፎቶዋን ቀይራለች›፣ ‹ፎቷቸውን ቀይረዋል› ስንል አንድም ተውላጠ ስም አልጠራንም፤ ሁሉንም ግን ተናግረናል። ስለዚህ አባሉ ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ የሚመርጠው አንድ ቃል ሳይሆን ሙሉ የስምምነት ሥርዓት፣ ማለትም ግሡና ሌሎቹ ቃላት ከሰውየው ጋር የሚስማሙበት መንገድ ነው፤ ተርጓሚውም አንዷን ሣጥን ሞልቶ ሥራውን መጨረስ አይችልም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምርጫ። ‹እርሱ› የሚለው ቃል የግእዙ ‹ርእሱ› ነው፤ ‹ራሱ› ማለት ነው። ግእዝ ርእስን ከአገናዛቢ ጋር እያጣመረ ለራስ አመልካችነት ይገለገልበት ነበር፤ አማርኛ ያንኑ ወስዶ ‹ውእቱ›ንና ‹ይእቲ›ን፣ የግእዙን ‹እሱ› እና ‹እሷ›፣ ተካበት። ‹እርሷ› የእርሷ ራስ፣ ‹እርሳቸው› የእነርሱ ራስ ነው። በመጨረሻው ላይ ያለው ‹-ኣቸው› የብዙ አገናዛቢ ነው፤ ‹ቤታቸው› ከሚለው ጋር አንድ ነው። አክብሮት በአማርኛ በብዙ ቁጥር ትከሻ ላይ ተቀምጦ የመጣ ነገር መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ብዙ ቁጥር ራሱ ግን ከጥንት ጾታ የሌለው አልነበረም። ግእዝ ‹እሙንቱ› እና ‹እማንቱ›፣ ‹አንትሙ› እና ‹አንትን› እያለ ወንዶችንና ሴቶችን ይለያል፤ ወንዶቹ ‹መጽኡ›፣ ሴቶቹ ‹መጽኣ› ናቸው። ትግርኛ እስከ ዛሬ ‹መጺኦም› እና ‹መጺአን› ይላል። አማርኛ ይህን ልዩነት ጥሎ ለሁሉም ‹መጡ› አለ። አክብሮት ደግሞ ጾታውን ባራገፈው በዚህ ብዙ ቁጥር ላይ ስለ ተሳፈረ እርሱም ጾታ የለውም። ‹እርሳቸው መጡ› ሲባል የመጡት ጳጳስ ይሁኑ አማት ከቃሉ ማወቅ አይቻልም። ማንም አስቦበት ያወጣው ደንብ አይደለም፤ ቋንቋው በሌላ መንገድ ሲሄድ ያገኘው ሀብት ነው፤ በእጃችን እያለ ሌላ ፍለጋ መሄዳችን ያሳዝነኛል።

‹እነርሱ› ይባል የሚሉት ወገኖች የሚከተሉት የእንግሊዝኛውን መንገድ ነው። ፌስቡክ በእንግሊዝኛ ገጹ ሦስተኛውን የተውላጠ ስም ምርጫ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ባወጣ ጊዜ የወሰደው የብዙ ቁጥሩን ተውላጠ ስም (they) ነበር፤ ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2021 ተጠቃሚዎች ተውላጠ ስማቸውን ራሳቸው እንዲያስቀምጡ ሲፈቅድም ያው ቃል ቀድሞ የተለመደ ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝኛው ቃል ለተናጋሪው ወደ ክፍሎች አይበተንም፤ የእኛው ይበተናል። ‹እነ› የቡድን ምልክት ነው፤ ‹እነ አልማዝ መጡ› ስንል አልማዝና አብረዋት ያሉት መጡ ማለታችን ነው። ‹እነርሱ› ማለት እርሱና ከእርሱ ጋር ያሉት ማለት ነው። አንድ ሰው በዚህ ቃል ሲጠቀስ ሰሚው ሁለተኛውን ሰው ይፈልጋል። ደግሞም ልብ ይበሉ፤ ቡድኑ የተሠራው ‹እነ›ን በ‹እርሱ› ላይ በመጨመር ነው እንጂ በ‹እርሷ› አይደለም፤ ‹እናንተ›ም ‹እነ አንተ› ነው። ከጾታ ለመሸሽ የተመረጠው ቃል ተባዕታዩን በሆዱ ይዟል። ‹እርሳቸው› ይህ ሸክም የለበትም።

በ‹እርሳቸው› ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አልሸሽግም፤ ከባድ ነውና። የሃያ ዓመት ወጣት ለእኩያው ‹ፎቷቸውን ቀይረዋል› የሚል መልእክት ሲደርሰው ጓደኛው በአንድ ሌሊት ሽማግሌ የሆነ ይመስለዋል። በዜና እንኳ አትሌቷ ‹አሸነፈች› ስትባል ሚኒስትሩ ‹ተናገሩ› ይባላሉ፤ አክብሮት ማዕረግን እንደሚከተል ይህ ያሳያል። ሌላም ቀዳዳ አለ፤ ‹ሚኒስትሯ ተናገሩ› ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣ ግሡን ከጾታ ነጻ ቢያደርገውም በመስተአምሩ ሴትነትን መልሶ አስገብቶታል። ስለዚህ ‹ተጠቃሚው ገብተዋል› ወይም ‹ተጠቃሚዋ ገብተዋል› አይጻፍ፤ ‹አባላችን ገብተዋል›፣ ‹ጓደኛዎ ገብተዋል›፣ ‹የማኅበሩ አባል ገብተዋል› ይጻፍ። አገናዛቢው ሲገባ መስተአምሩ ይወጣል፤ ጾታውም አብሮት።

የዕድሜውን ነገር በተመለከተ ግን እኔ እንደዚህ አምናለሁ፦ ቅጽና የመረጃ ቋት የማንም እኩያ አይደሉም። ሰውን የማያውቅ ጽሑፍ ሰውን ‹አንተ› ሊል አይገባውም። ይህ የእኔ ምርጫ መሆኑን፣ ወጣቶቹን የሚያገለግሉ ብዙ መተግበሪያዎች ‹አንተ› ወይም ‹እናንተ› ማለት እንደጀመሩም አውቃለሁ፤ አንባቢዎቻቸውም አልተቀየሟቸውም።

‹ተባዕታዩ ለሁሉም ይበቃል፤ ክርክሩም ከውጭ የመጣ ነው› የሚል አመለካከትም አለ። ማስረጃው ደካማ አይደለም። በር ሲንኳኳ፣ ቤቱ ሴቶች ብቻ የሚኖሩበት ቢሆን እንኳ፣ የሚጠየቀው ‹ማን ነው?› ተብሎ ነው፤ ‹ማን ናት?› የሚል የለም። ‹ሰው መጣ›፣ ‹ማንም አይግባ› ስንልም እንዲሁ። አማርኛ ያላወቀውን ሰው በተባዕታይ ይጠራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ፕሮፋይል ያልታወቀ ሰው አይደለም፤ ስሙ ተጽፏል፣ ፎቶው ተለጥፏል፣ የልደት ቀኑ ተመዝግቧል። በሩ ተከፍቶ እንግዳዋ ከታየች በኋላ ‹ማን ነው?› እያልን አንቀጥልም። ከውጭ መጣ ለሚሉት ደግሞ የዲሲ ከተማ መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ወደ አማርኛም እንደሚያስተረጉሙ፣ ያው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ወንድም ሴትም የማይል ምልክት በመንጃ ፈቃድ ላይ እንደሚያሰፍር አስታውሳቸዋለሁ። እዚያ የሚሠራ ተርጓሚ ጉዳዩ ስላልጣመው ሣጥኑን ባዶ መተው አይችልም። ‹ጾታ› የሚለው ቃል ራሱም ከሁለት በላይ የሚበቃ ቦታ ነበረው፤ በግእዝ ወገን፣ ክፍል፣ ዓይነት ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ‹ጾታ ካህናት›፣ ‹ጾታ ምእመናን› ሲባል የሚሰማው ይኸው ጥንታዊ ትርጉም ነው።

ስለ እዝባሩ (/) አጭር ቃል። ‹የተመረቀ/ች›፣ ‹የሚችል/የምትችል›፣ ‹ያለው/ያላት› የሚለው የሥራ ማስታወቂያ ልማድ ወደ ስክሪን መጥቷል። ፊደላችን ግን ይህን አይወድም። አናባቢው በፊደሉ ውስጥ ስለሆነ በእዝባር ለብቻው አይቀጠልም፤ ‹ምረጥ› ወደ ‹ምረጪ›፣ ‹ሰርዝ› ወደ ‹ሰርዢ›፣ ‹ክፈት› ወደ ‹ክፈቺ› ሲሄድ ተነባቢው ራሱ ይለወጣል። ‹ምረጥ/ጪ› ለዓይን እንቅፋት ነው፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ ለሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው። ለማዘዣ ቁልፎች መድኃኒቱ የመሣሪያ ስም ነው፦ መግቢያ፣ መላኪያ፣ መፈለጊያ፣ መሰረዣ። ዐረፍተ ነገር በሚያስፈልግበት ቦታ ‹ይምረጡ›፣ ‹ይሰርዙ› ይበቃል።

ለመረጃ ቋቱ ይህን እመክራለሁ። የጾታ ዓምድና የስምምነት ዓምድ አይቀላቀሉ። ለጾታ የታወቀው ዓለም አቀፍ መለኪያ አይኤስኦ 5218 አራት ቁጥሮች አሉት፦ 0 ያልታወቀ፣ 1 ወንድ፣ 2 ሴት፣ 9 የማይመለከተው። እነዚህ መዝገብ ለመያዝ ይበጃሉ፤ ግሥ ለማርባት ግን አይበጁም። ለስምምነቱ ለብቻው ‹እርሱ›፣ ‹እርሷ›፣ ‹እርሳቸው› የሚል ዓምድ ይኑር፤ ባዶ ሲሆን ፕሮግራሙ ‹እርሳቸው›ን ይውሰድ። የመልእክት ሶፍትዌሮች በተለምዶ ወንድ፣ ሴት፣ ሌላ የሚሉ ሦስት ቅርንጫፎችን ያቀርባሉ፤ ተርጓሚዎች ‹ሌላ› በሚለው ሥር የወንዱን ቅጂ መልሰው ሲለጥፉ ደጋግሜ አይቻለሁ። ያ ቅርንጫፍ የአክብሮቱ ቦታ ነው፤ በጥንቃቄ ይሞላ።

በመጨረሻ የአጻጻፉ ነገር፤ ይህን ሳልል ብቀር ያንገበግበኛል። ‹እርስዎ› በ‹ስዎ› ይጻፍ፤ ‹ስምዎን›፣ ‹መለያዎን› ይባል። ‹እርሶ› እና ‹ስሞን› አገናዛቢውን ‹-ዎ› ውጠው አጥፍተውታል፤ ‹ስሞን› ከአንድ ሰው ስም ጋር እስኪምታታ ደርሷል። ‹እርሳቸው›ንም ከ‹ር›ው ጋር ብታስቀምጡልኝ ደስ ይለኛል፤ ‹ርእሱ› የሚታየው በዚያች ፊደል ነውና። እርስዎ ‹እሳቸው› ብለው እንደጻፉ አይቻለሁ፤ ንግግሩም እንዲሁ ነው፤ ከሁለቱ ለጠባብ ሣጥን የሚበቃውም እርሱ ነው፤ ስለዚህ አልከራከርም። የምርጫው አርእስት ‹ተውላጠ ስም› ከሚባል ‹ስለ እርስዎ ስንጽፍ እንዴት እንጥቀስዎ?› ቢባል አባሉ ሰዋስው ሳያስታውስ ይመልሳል። ከሦስቱ ምርጫዎች ቀጥሎ ራሱ የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ይተዉለት። አንድ አባል እዚያ ‹እነርሱ› ብሎ ቢጽፍ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ሳልሽር እንዳለ ይመዝገብለት እላለሁ፤ ግሡ እንደሆነ ‹ገብተዋል› ነው፤ በሁለቱም አይለወጥም።