ለብ ብያለሁ፤ ግብዝ ሆኛለሁ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ይዤ በተመለስሁ ሰሞን ኪዳንም ቅዳሴም አይቀረኝም ነበር። አሁን ሁሉም ለወጉ ያህል ሆኖብኛል። ቅዳሴ ቆሜ ሐሳቤ ሱቄ ላይ ነው፤ የጽዋ ተራዬንም የማወጣው ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። እህቴ «ለታይታ ከሆነ ግብዝነት ነው፤ ተዪው» አለችኝ። በራእይ ለብ ላለው «ከአፌ ልተፋህ ነው» የሚለውን ሳነብም እፈራለሁ። ልቤ እስኪመለስ ልተወው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። አትተዪው።

እህትሽ ግብዝነትንና ሀኬትን፣ ማለትም መንፈሳዊ ስንፍናን፣ ቀላቅላቸዋለች። ግብዝ የሌለውን እንዳለው አድርጎ ለሰው ያሳያል፤ ሀኬተኛ ደግሞ ያለውን ይቀብራል። በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ በገብር ኄር፣ የምንሰማው ባለ አንድ መክሊቱ ባሪያ ማንንም ለመምሰል አልሞከረም፤ ፈራ፣ ሄዶ ቀበረ። ያንቺ ወደዚህ ይጠጋል። የይሉኝታው ነገር ግን የግብዝነት ሽታ አለበት፤ እሱን ለንስሐ አባትሽ ሳትሸፋፍኚ ንገሪ።

ያስፈራሽ ቃል ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ ነው፤ ራእይ 3፥16። አንድ ቁጥር ዝቅ ብለሽ አንብቢ፦ «ሀብታም ነኝና ባለ ጠጋ ሆኜአለሁ አንድም ስንኳ አያስፈልገኝም የምትል»። የሎዶቅያ ሰው ለብ ማለቱ አልታወቀውም፤ ጠግቧል። አንቺ ጎደለብኝ ብለሽ ጽፈሻል። ደግሞም እዚያው 3፥19 ላይ «ቅና ንስሐም ግባ» አለው እንጂ ቤቴን ለቀህ ውጣ አላለውም።

ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲል «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብለን እንመልሳለን፤ ልባችሁን አንሡ ስንባል በአምላካችን ዘንድ ነው ማለታችን ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ስንል የብዙዎቻችን ልብ ገበያ ነው፤ ጥምጥም የጠመጠምነውም አንቀርም። ቤተ ክርስቲያን ግን ልባችሁ እስኪመጣ ዝም በሉ አላለችንም። በየቅዳሴው ታስብለናለች፤ አንድ ቀን አፍ የለመደውን ልብ ይሰማዋል።

ሌላው ጥፋት፣ የሱባኤውን ሥርዓት ሱቅ ውስጥ ልድገመው ማለትሽ ይመስለኛል። የሱባኤ ትጋት ለሱባኤ ነው። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ብቻ ያዢ፣ ግን ሳትሮጪ። በገበያ ቀን ኪዳን ቢያመልጥሽ አትብከንከኚ፤ የእሑድ ቅዳሴ ግን ሳይጀመር ድረሺ፣ ስልክሽንም ቤት ተዪው። ወንጌል ሲነበብ ደርሶ ልቤ አልሰበሰብ አለ የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ!

ለጽዋው ደግሞ ተራሽ ሲደርስ ከእገሌ እንዳላንስ ብለሽ የምትጨምሪውን ቀንሺና ማኅበርተኛው ሳያውቅ ለአንድ ችግረኛ ስጪ። የጸሎቱን ልክ የንስሐ አባትሽ ይወስኑልሽ፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ አልጨምርብሽም።