ዕቃውን አራግፌ ጨርሼ ለምን ይቆጥርብኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ትንሽ ፔንሲዮን እየሠራሁ ነው። ሴራሚክ በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከቻይና አስመጥቼ ግቢዬ ድረስ አስገባሁት፣ በሁለት ቀን አራገፍነው፣ ግን ባዶውን የሚመልስ መኪና እስክናገኝ 19 ቀን ቆመ። አሁን ዲቴንሽን ክፈይ ብለው በዶላር የተሰላ ቢል ላኩልኝ። ዲመሬጅ ከፍያለሁ እኮ፣ ሁለቴ ነው እንዴ የሚከፈለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያናድዳል ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ዲመሬጅ ኮንቴይነሩ ከነዕቃው ወደብ ላይ ከፍሪ ታይም (ያለ ክፍያ ከሚፈቀደው ቀን) በላይ ሲቆይ ነው፣ ዲቴንሽን ደግሞ ከወደብ ከወጣ በኋላ ባዶው ሲዘገይ። ሳጥኑ የመርከብ ድርጅቱ ነው፣ አንቺ ግቢ ዶሮ ሲያድርበት እሱ ሌላ ጭነት አልጫነበትም። ስለዚህ ቆጣሪው ስላራገፍሽ አይቆምም፣ የሚቆመው ባዶውን በተባለው ቦታ ተረክበው ኢንተርቼንጅ የሚሉትን ወረቀት ሲሰጡ ነው። እሑድና በዓልም አብዛኛውን ጊዜ ይቆጠራል፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር የቀኑ ሒሳብም ይጨምራል።

የእኛ አገር ችግር መንገዱ ነው። በዩኒሞዳል (መርከቡ ጅቡቲ ድረስ ብቻ አምጥቶ የየብሱን አስመጪው ራሱ ሲያጓጉዝ) የመጣ ባዶ ኮንቴይነር ብዙ ጊዜ ጅቡቲ ድረስ ይመለሳል፣ በመልቲሞዳል (አንድ አጓጓዥ የባሕሩንም የየብሱንም ይዞ ደረቅ ወደብ ድረስ ሲያመጣው) ከሆነ ሞጆን የመሰለ ደረቅ ወደብ። ከባሕር ዳር የሚነሳ ሾፌር ደግሞ እህል ጭኖ መሄድ ነው የሚፈልገው እንጂ ባዶ ብረት ተሸክሞ ዓባይ በረሃን መውረድ ማን ይወዳል? እኔ ብሆን ሞጆ ላይ አራግፌ ዕቃውን በአይሱዙ ነበር የማስመጣው፣ ሴራሚክ ሁለቴ ሲነካ ትንሽ ይሰበራል እሱ እውነት ነው፣ ግን ከ19 ቀን ዲቴንሽን ይሻላል ባይ ነኝ።

ለአሁኑ ቢል ዝርዝሩን ጠይቂ፣ ፍሪ ታይሙ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው እንደተቆጠረ፣ ከዚያ ከኢንተርቼንጁ ቀን ጋር አስተያዪው። ባዶውን ወስደሽ ቦታ የለም ብለው የመለሱሽ ቀን ካለ እሱን በጽሑፍ ተከራከሪበት፣ ከሌለም ቅናሽ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ዝም ካልሽ ግን ካስያዝሽው ዴፖዚት ላይ ነው የሚቆርጡት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የዲቴንሽን ቢል ክፍያው መቆጠር ካቆመ በ30 ቀን ውስጥ ካልተላከ አስመጪው አይገደድም፣ አንቺን ግን አይመለከትም፣ እንዲያው ቅናት ነው።

ለሚቀጥለው ፍሪ ታይሙን ዕቃው ሳይጫን በፊት በአቅራቢሽ በኩል አስጨምሪ፣ ያኔ ነው የሚሰሙሽ። ኢንተርቼንጁንም ሾፌሩ ተቀብሎ እንደወጣ ወዲያው ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልሽ፣ ስንቱ ወረቀት ጋቢና ውስጥ ከጫት ገለባ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል መሰለሽ።