በአቼቶ ካንሰር ይታያል?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንዳደርግ ተነገረኝ። «በአቼቶ ነው የሚታየው» ሲሉኝ ግራ ገባኝ፤ ሕመምም የለብኝም። እውነት በአቼቶ ይታያል? «ፖዘቲቭ» ብባልስ?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህታችን፣ ይህ ምርመራ የተዘጋጀው እንደ እርስዎ ምንም ላልታመመች ሴት ነው። የሚፈለገው ካንሰሩ ሳይሆን፣ ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ለዓመታት ሳይለቅ ሲቆይ በሕዋሳት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው።

ባለሙያዋ ስፔኩለም በተባለ መክፈቻ መሣሪያ የማህፀን በሩን ገልጣ፣ ንፍጡን በጥጥ ጠርጋ፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ (አቼቶን የሚያኮመጥጠው አሲድ) ያለበት ፈሳሽ ትቀባዋለች። ጤነኛው ሽፋን ሮዝ እንደሆነ ይቆያል። የተለወጡት ሕዋሳት ግን የእንቁላል ውሃ እሳት ሲነካው እንደሚነጣ ሁሉ ፕሮቲናቸው ረግቶ ይነጣሉ።

ለዚህ ሙሉ 1 ደቂቃ ያስፈልጋል። ሰዓት ሳይታይ በችኮላ ከተነበበ፣ ወይም መብራቱ ደካማ ከሆነ፣ ንጣቱ ያመልጣል። ፈሳሹም ቢሆን ከሱቅ እንደተገዛ አቼቶ በግምት የሚሠራበት አይደለም፤ 5 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ በ95 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ይበረዛል። ሳይበረዝ ከተቀባ ያቃጥላል። ኢንፌክሽንም ሊያሳስት ይችላል፤ የእሱ ንጣት ግን ደብዛዛና ዳሩ የማይለይ ነው። የሚያሳስበው ወፈር ያለና ጠርዙ ጥርት ብሎ የሚታይ ንጣት ነው።

ስለዚህ «ፖዘቲቭ» ቢባሉ ካንሰር ያዘኝ ብለው አይደንግጡ። ንጣቱ ትንሽና ሙሉ በሙሉ የሚታይ ከሆነ በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል፦ በ100 ዲግሪ በጋለ መሣሪያ ለ20–40 ሰከንድ ይነካል፣ ወይም በክራዮቴራፒ 3 ደቂቃ ቀዝቅዞ፣ 5 ደቂቃ ቆይቶ፣ እንደገና 3 ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ለሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፤ ለ4 ሳምንት ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። በ1 ዓመት ተመልሶ መታየትን ግን አደራ፣ እንዳይተዉት። ንጣቱ ሰፊ ከሆነ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ ወደ ሆስፒታል ይላካሉ።

ቀጠሮዎ የወር አበባ ካለፈ በኋላ ይሁን፤ በዋዜማው ግንኙነትም በብልት የሚገባ መድኃኒትም አይኑር። ነጻ ከሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት በየ3 ዓመቱ መደገም አለበት ይላል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ደግሞ ከ25 ዓመታቸው ጀምረው ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ 56 ዓመቷ ነው፤ ወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል። ለዚሁ ምርመራ ወስጃት «ላንቺ አይሆንም» ብለው መለሷት። ለምን?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልክ ናቸው። ሴት ካረጠች በኋላ፣ ለውጡ የሚጀምርበት የማህፀን በር የውጭና የውስጥ ሽፋኖች መገናኛ ወደ ማህፀን በር ቦይ ውስጥ ይገባል። ዓይን እዚያ አይደርስም፤ «ነጭ ነገር አልታየም» ቢባል እንኳ ልብ የሚያሳርፍ መልስ አይሆንም። ለእናትዎ የሚሻለው የኤችፒቪ ምርመራ ነው። ናሙናው በለስላሳ መጥረጊያ ስለሚወሰድ፣ ማየት ሳያስፈልግ ቫይረሱ ራሱ ይፈለጋል። ሰው ፊት መገለጥ ከከበዳቸው፣ አሠራሩ ባለበት ቦታ መጥረጊያውን ራሳቸው አስገብተው፣ ጥቂት ጊዜ አዙረው ማውጣት ይችላሉ።

ካረጡ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ አይተው ከሆነ ግን የቅድመ ምርመራ ወረፋ አይጠብቁ። ያኔ የሚያስፈልገው የማህፀን ሐኪም ነው፤ ሐኪሙ አይቶ ካስፈለገ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ ያስመረምራል። በዚሁ ሳምንት ይውሰዷቸው።